የክርስትና ስሙ ማን ነበር?

አጎቴ የሞተው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ነው። አስከሬኑ ወደ እናቴ ቤት መጣ። ታናሽ ወንድሟ ነበር። በአያቴ ቤት ሽያጭ ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠውን ደጅ ያን ቀን በሰው ትከሻ ገባበት። ድንኳን ተተከለ፣ እድርተኛው ተሰበሰበ፣ አስከሬኑ ታጥቦ ተገነዘ። ፍትሐት ሊያደርሱ የመጡት ቄስ ወደ እኔ ጠጋ አሉና «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው በቀስታ ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝን፣ በትከሻው ተሸክሞ ጃንሜዳ የጥምቀትን በዓል ያሳየኝን ሰው የክርስትና ስም አላውቅም። ወደ ጓደኞቹ ዞር ብል እነርሱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመታወቂያው ላይ የተጻፈው፣ ሁላችንም የምንጠራው ስሙ ለዚያ ሰዓት አይሆንም። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቃሉ። ያቺ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየች አላስታውስም፤ ፊቴ እንደ እሳት መጋሉን ግን አልረሳውም።

«ኃይለ ሚካኤል» አለች እናቴ ከጥግ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ራሷን ቀና ሳታደርግ ነው የተናገረችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙን በቤቷ ያላነሣች ሴት ናት።

«ፍትሐት» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ቆም ብዬ ያሰብኩበት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው። በግዕዝ «ፈትሐ» ማለት ፈታ ማለት ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። ፍትሕና ፍትሐት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ጾም ይፈታል። ንስሐ የገባ ሰው በካህኑ ፊት ጎንበስ ብሎ «ይፍቱኝ አባቴ» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይባላል። የሞተ ሰው ግን «ይፍቱኝ» ማለት አይችልም። ሌላው ነው ቆሞ የሚልለት፤ እርሱም ስሙን ማወቅ አለበት።

እስከ አርባው ባሉት ሌሊቶች እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጣልያናዊውን ባለቅኔ ዳንቴን አነበብኩ። ራሱ በሙታን ዓለም ሲጓዝ የሚተርክበት መጽሐፉ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደ ብዙ ሰው እኔም ሲኦሉን ጀምሬ፣ በቅጣቱ ብዛት ደክሞኝ ትቼው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ዘልዬ ሁለተኛውን፣ ፑርጋቶሪዮ የሚባለውን ገለጥኩ። ቃሉ የመጣው «ማንጻት» ከሚለው የላቲን ግሥ ነው፤ እኔ እዚህ «የመንጻት ስፍራ» እለዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ትምህርት አትቀበልም። በእኛ ዘንድ ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ የመጨረሻውን ፍርድ የምትጠብቀው በገነት ወይም በሲኦል ነው። በካቶሊኮቹም ዘንድ ቢሆን ከጥንት ጀምሮ በዚህ መልክ የነበረ ነገር አይደለም፤ ዣክ ለ ጎፍ የተባለው ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር እንዳሳየው ቃሉ የአንድ ቦታ ስም ሆኖ የወጣው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1439 በፍሎረንስ ጉባኤ ከግሪኮቹ ጋር ብዙ ተከራክረውበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደዚያችው ከተማ፣ ወደ ዳንቴ የትውልድ ከተማ ገብተዋል። ያን ጊዜ ስለ ሙታን ጠይቀዋቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የትምህርቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሙታን ከእኛ የሚፈልጉት ነገር አለ።

የዳንቴ የመንጻት ስፍራ በባሕር መካከል የቆመ ተራራ ነው። ሰባት እርከን አለው። ትዕቢተኛው ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጉልበቱ ከደረቱ እስኪገናኝ ጎብጦ ይሄዳል። የምቀኛው ዓይን በብረት ሽቦ ተሰፍቷል። ቁጡው እንደ ሌሊት በጠቆረ ጭስ ውስጥ እየዳሰሰ ይጓዛል። ሕመሙ ከሲኦሉ ሕመም እምብዛም አያንስም። ነገር ግን እዚህ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ሰዎቹ ይዘምራሉ፤ ቀን ይቆጠራል። መከራው መጨረሻ አለው። የሚፈታበትን ቀን የሚያውጅ ዳኛም የለም። ነፍስ አንድ ቀን በራሷ ፈቃድ ተነሥታ ሽቅብ መሄድ ትፈልጋለች፤ መፈለጓ ብቻውን የመንጻቷ ምስክር ነው። ስታጥዮስ የተባለው የሮም ባለቅኔ በአንዱ እርከን ላይ ብቻ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በግንባሩ ተደፍቶ ቆይቶ በተነሣባት ቅጽበት ተራራው ከሥሩ እስከ ጫፉ ይንቀጠቀጣል፤ ገና ብዙ ዘመን የሚቀራቸው ነፍሳት ሁሉ በአንድ ድምፅ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት» ይላሉ። ይህን ያነበብኩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መጽሐፉን አስቀምጬ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ።

ሰዎቹ ዳንቴን ሲያገኙት ይከብቡታል። በሕይወት ያለ ሰው መሆኑን ከጥላው ያውቃሉ። ወደ አገሩ ስለሚመለስ መልእክት ይልኩበታል፤ መልእክቱም ሁልጊዜ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1266 በቤኔቬንቶ ጦርነት የሞተው ንጉሥ ማንፍሬድ ተወግዞ ነበርና አጥንቱ ከመቃብሩ ወጥቶ ከግዛቱ ውጭ ተጥሏል። ዝናብ ይመታዋል፣ ነፋስ ይገፋዋል። እርሱ ግን ስለ አጥንቱ አይለምንም። በውግዘት የቆየበትን ዘመን ሠላሳ እጥፍ በተራራው ሥር መጠበቅ አለበት፤ ይህ ጊዜ የሚያጥረው በደጋግ ሰዎች ጸሎት ብቻ ስለሆነ «ለልጄ ለኮስታንዛ የት እንዳየኸኝ ንገራት» ይላል። ፎሬሴ ዶናቲ ደግሞ የዳንቴ ወዳጅ ነበር፤ ከሞተ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ ላይኛው እርከን ደርሶ ሲያገኘው ዳንቴ ይገረማል። «ያደረሰችኝ ኔላዬ ናት፣ በእንባዋ» ይለዋል፤ ሚስቱን ማለቱ ነው። ዳንቴ ከፎሬሴ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሩቅ የልቅሶ ዜማ ሰምቶ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ መሪው ቨርጂል የመለሰለት ቃል እንዲህ የሚል ነው፦ ምናልባት የዕዳቸውን ቋጠሮ እየፈቱ የሚሄዱ ነፍሳት ናቸው።

እየፈቱ! ጣልያናዊው ባለቅኔ ይህን የጻፈው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ነው። የእኛ ካህናትም ያንኑ ሥራ የሚጠሩት በዚያው ቃል ነው።

ከሁሉም ልቤን የነኩኝ ግን የሚጸልይላቸው የሌላቸው ናቸው። ፒያ የምትባል ሴት አለች። ባሏ እንዳስገደላት በጨረፍታ ብቻ ትናገራለች፤ አትከስሰውም። «ወደ ዓለም ስትመለስ፣ ከረጅሙም መንገድ ስታርፍ፣ እኔን ፒያን አስበኝ» ትለዋለች። በመጀመሪያ ዕረፍ፣ ከዚያ አስበኝ። ስሟን የምትናገረው በትሕትና ነው፤ ምናልባት ሌላ የሚያውቃት ሰው ስለሌለ ይሆናል። ከእርሷ ቀድሞ የሚናገረው ቦንኮንቴ የተባለ የጦር አለቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1289 በካምፓልዲኖ ውጊያ ጉሮሮውን ተወግቶ፣ ሜዳውን በደሙ እያጠበ በእግሩ ሸሽቶ ከአንድ ወንዝ ዳር ወደቀ። ዓይኑ ጠፋ፣ ንግግሩ በማርያም ስም ላይ አበቃ። መልአክ ነፍሱን ሊወስድ ሲመጣ የሲኦሉ መልእክተኛ ጮኸ፦ ስለ አንዲት ጠብታ እንባ ትነጥቀኛለህን? በንዴቱም ዝናብ አዝንቦ፣ ወንዙን አስሞልቶ ሬሳውን አስወሰደው፤ ሲሞት በደረቱ ላይ ያመሳቀላቸውን እጆቹን ጎርፉ ፈታቸው። ሬሳው አልተገኘም። ቦንኮንቴ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው ግን በዚህ አይደለም። «ጆቫናም ሆነች ሌሎቹ አያስቡኝም» ይላል። ጆቫና ሚስቱ ናት።

እዚህ መስመር ላይ ስደርስ አጎቴ በዓይኔ ላይ ተሣለ። ምን ያህል ጊዜ ነው እንዲሁ አንገቱን ደፍቶ በሰፈራችን መንገድ ሲያልፍ አይቼ ወደ ሌላው ዳር የተሻገርኩት? ለእናቴ ወግኜ ነበር። ልጅ ለእናቱ መወገኑ አያስነውርም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ሰላምታ መንሣት ለማንም መወገን አይደለም።

የቦንኮንቴ አባት ጊዶ በዚሁ ድርሰት ውስጥ አለ፤ ያለው ግን ሲኦል ነው። እርሱም የጦር አለቃ ነበር፤ በእርጅናው መነኮሰ። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ቦኒፋስ 8ኛ ጠላቶቹን የሚያጠፋበትን ምክር እንዲሰጠው ጠየቀው፣ ለዚህም ኃጢአት አስቀድሞ ፈታው። ጊዶ ተማምኖ የተንኮሉን ምክር ሰጠ። ሲሞት ሰይጣን መጥቶ፣ ንስሐ ያልገባ ሊፈታ አይችልም፣ ኃጢአትን እየፈለጉ በዚያው ጊዜ ንስሐ መግባት አይቻልም ብሎ በሕግ ተከራክሮ ወሰደው። አባት በሊቀ ጳጳስ አንደበት ተፈትቶ ጠፋ። ልጅ ካህን በሌለበት ወንዝ ዳር በአንዲት እንባ ዳነ። ዳንቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አላስቀመጣቸውም፤ በሁለት መጽሐፍ ለያይቶ አስቀመጣቸው፤ አንባቢው ራሱ እንዲያገናኛቸው ይመስለኛል።

በእኛ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ በላዔ ሰብእን ሳያስታውስ አይቀርም። በተአምረ ማርያም የሚተረከው፣ በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት የምንሰማው የቅምር ሰው፣ 78 ነፍስ የበላው። በእግዚአብሔር ስም ቢለመን ያልራራ ሰው በእመቤታችን ስም ሲለመን ለአንድ ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ለምጻሙ እንኳ አልረካበትም፤ ጉሮሮውን ያረጠበ ያህል ነው። በመጨረሻ በሚዛኑ ላይ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን ሆነው ውሃዋ ደፋች። ልጅ ሳለሁ ይህ ታሪክ ያናድደኝ ነበር። የተበሉትስ? እል ነበር። ጥያቄው አሁንም አልወጣልኝም። ነገር ግን ከጣልያኑ ባለቅኔ ጋር ሳስተያየው ሌላ ነገር አየሁ። ሁለቱም ታሪኮች ያደሩት በማርያም ስም ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚመዝኑት ውሃ ነው። ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ብቻ ላይሆን ይችላል። ተአምረ ማርያም ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ከ14ኛው ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን መሸጋገሪያ ላይ ከዐረብኛ ነው፤ ከተአምራቱም ብዙዎቹ ቀደም ብለው በምዕራብ አውሮፓ ሲነገሩ የቆዩ ናቸው። ዳንቴ የሰማውና አያቴ የሰማችው ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ሊሆን ይችላል።

ነዌ የሚባለው ባለጸጋም አልዓዛር የጣቱን ጫፍ በውሃ ነክሮ ምላሱን እንዲያበርድለት ለምኖ ነበር። አላገኘም፤ በመካከላቸው ታላቅ ገደል ነበረ። ስለ ሙታን የሚጻፈው ብዙ ነገር፣ ይህን ገደል አንዲት ጠብታ ትሻገረው እንደሆነ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ጠብታዋ የማትሻገርበት ጊዜ አለ። ጸጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ውስጥ የንጉሡ መንፈስ ሳይናዘዝ በእንቅልፉ ተገድሎ፣ ቀን በእሳት ውስጥ፣ ሌሊት በምድር ላይ ሲንከራተት እናየዋለን። ተውኔቱ ሲጻፍ እንግሊዝ የመንጻት ስፍራን ትምህርት ከቤተ ክርስቲያኗ አስወጥታ ነበር፤ ለሙታን ይደረግ የነበረው ቅዳሴም ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ይሆን አባት ልጁን ጸልይልኝ ሳይሆን ተበቀልልኝ የሚለው? የጸሎቱ በር ሲዘጋ ዕዳው በደም የሚከፈል ሆነ። እኔ እንዲህ ነው የማነበው።

በሩን የሚዘጋው ሌላው ነገር ገንዘብ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ዮስጦስ የሚባል መነኩሴ አለ። ሦስት የወርቅ ሳንቲም ደብቆ ተገኘና ሲሞት ከነሳንቲሙ በፍግ ጉድጓድ ተቀበረ። በኋላ ጎርጎርዮስ አዝኖለት ሠላሳ ቀን ቅዳሴ አስቀደሰለት፤ በሠላሳኛው ቀን ዮስጦስ ለወንድሙ በሌሊት ተገልጦ «እስከ አሁን ክፉ ላይ ነበርኩ፣ አሁን ደህና ነኝ» አለው። ለገንዘብ ሲል የታሰረ ሰው ያለ ገንዘብ ተፈታ። ከዚህ ታሪክ የወጣው የሠላሳው ቀን ቅዳሴ ግን እ.ኤ.አ. በ1955 በታተመው የሜክሲኮው ደራሲ ሁዋን ሩልፎ ልብ ወለድ ውስጥ የሚገዛ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። ራሷን ያጠፋች ሴት እኅት ቄሱን ስለ ነፍሷ ትለምናለች። ምናልባት በዚያ ቅዳሴ ይሆንላት ነበር፣ ነገር ግን ሌሎች ካህናት መጥራት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል ይሏታል። ሴትዮዋ ደሃ ናት። የልጆቿን ብዛት ቄሱም ያውቃሉ። በዚያ መንደር ሙታኑ ዛሬም በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያንሾካሹካሉ፤ ማንም አልፈታቸውም።

ሜክሲኮ ሩቅ ነው፤ ተዝካር ግን ቅርብ ነው። በሬዋን ሸጣ፣ ተበድራ የአባቷን ተዝካር ያወጣች፣ በማግሥቱ ለዘር የሚሆን እህል ያጣች ቤተ ዘመድ አለችኝ። ጎረቤት ምን ይላል በሚል ፍርሃት የሚታረድ በሬ ማንን እንደሚፈታ አይገባኝም። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው። መታሰቢያ ደግሞ ከጥርኝ ውሃ ሊጀምር ይችላል፤ ለተራበ ሰው ከሚቆረስ ዳቦ ሊጀምር ይችላል።

ስለ ንስሐ ሳስብ ወደ አእምሮዬ የምትመጣው ክርስቶስ ሠምራ ናት፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የቡልጋዋ ሴት። ገድሏ ሲተርክ፣ የሀብታም ቤት እመቤት ሳለች በቁጣ አገልጋይዋን ገደለች። አገልጋይዋ በጸሎት ብትነሣም እርሷ ባሏንና ልጆቿን ትታ መነነች፤ በጣና ውሃ ውስጥ ቆማ ለዓመታት ጸለየች። በመጨረሻም የለመነችው ማንም ያልለመነውን ነው፦ ሰይጣን ከፈጣሪው ጋር እንዲታረቅ። ሰይጣን ጎትቶ ወደ ሲኦል ሲያወርዳት ቅዱስ ሚካኤል ደረሰላት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት አብረዋት ወጡ። በገዛ እጇ የሠራችውን ያልረሳች ሴት፣ ለእርሱም ለሰይጣኑ ዕርቅ መለመንን አልናቀችም። የገድሉ ቃል ጥልቅ ነውና ከዚህ በላይ ልተረጉመው አልደፍርም።

የአጎቴ አርባ ደረሰ። እናቴ በሬ አላረደችም። ራሷ የጠመቀችው ጠላ፣ ራሷ የጋገረችው ድፎ ዳቦና የክክ ወጥ ለካህናቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ተሰጠ። ሰው ከሄደ በኋላ የንስሐ አባቷን ወደ ጓዳው በር ሸኘቻቸው። እኔ ድስት እያነሣሁ ስለነበር ሰማሁ።

«አባ፣ ኃይለ ሚካኤልና እኔ ሳንታረቅ ነው የሞተው። ሰኔ ላይ ሰው ልኮብኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። እንግዲህ እኔን ማን ይፈታኛል? የሚፈታኝ እርሱ ነበር።»

ቄሱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ወለተ ሥላሴ» አሏት በክርስትና ስሟ፣ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ።»

ምን ቀኖና እንደሰጧት አልነገረችኝም፤ የንስሐ ነገር ነውና እኔም አልጠየቅሁም። ጉልበቷን ስለሚያማት ስግደት ሳይቀንሱላት አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ግን ማታ ማታ፣ መብራት ካጠፋች በኋላ፣ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጣቶቿ አንጓ እየቆጠረች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አርባ አንድ ጊዜ ነው። እኔም ከወዲህ ማዶ ሆኜ አብሬያት መቁጠር ለምጃለሁ። አርባ አንዱ ካለቀ በኋላ ጥቂት ዝም ትላለች፤ ከዚያ ስሙን ትጠራለች፤ በክርስትና ስሙ ሳይሆን፣ ልጅ ሳሉ ትጠራበት በነበረው።